ከጆሮ ወደ ጆሮ

ሂክማ ሰርፀን ከሩቅ ያወቀችው በአረማመዱ ነው። የሐይቁን ዳር ይዞ ከባቡር ጣቢያው በኩል ሲመጣ ግራ ትከሻው እንደ ልማዱ ዘንበል ብሏል፤ ብብቱ ሥር በሮዝ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ሸጉጧል። የእህቷን ልጅ የዲናን የልደት ኬክ ከካርቶኑ እያወጣች ነበርና እጇ እዚያው ደርቆ ቀረ። ከጥር ወዲህ አላየችውም። ከጥር ወዲህ ድምፁን እንኳን አልሰማችም። ዛሬ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም አልነገራትም።

ስሙ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ልትጠራው አፏን ከፈት ስታደርግ ግን በዛፉ ጥላ ሥር በታጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጡትን አባቷን አየችና መልሳ ዘጋችው። ምላለች።

የማለችው ሆስፒታል ውስጥ ነው። አባቷ ጋሽ ዘይኑ የልብ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው አልጋው እየተገፋ ሲወጣ፣ እጇን ጭምድድ አድርገው ይዘው አስቆሙት።

“ልጄ፣ ብነሳም ባልነሳም አንድ ነገር ማይልኝ” አሏት። “እኔ ራሴ ካልፈቀድኩ በቀር ከዚያ ልጅ ጋር አንዲት ቃል እንዳትነጋገሪ።”

ነርሷ ሰዓቷን ታያለች። የአባቷ እጅ ቀዝቅዟል። ሂክማ ሌላ ምን ማለት ትችል ነበር?

“ወላሂ፣ አባባ” አለች።

ጋሽ ዘይኑ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን መጋባቱ ብርቅ እንዳልሆነ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ግን የገዛ ታላቅ እህታቸው ክርስቲያን አግብታ ስትጠመቅ፣ እናታቸው ልጇን እንደሞተች ቆጥራ ፍራሽ አንጥፋ ስታለቅስ በልጅ ዓይናቸው አይተዋል። “መቃብሬ ላይ ቆማ ዱዓ የምታደርግልኝ ልጅ ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምን ጠየቅኩ?” ይላሉ ሁልጊዜ።

ሰርፀ ከሳን ሆዜ ነው። ዲቪ ደርሶት እንደመጣ ከአብዱልሙኒም ጋር፣ ማለትም የሂክማን ታላቅ እህት ዘሐራን ካገባው ሰው ጋር፣ አንድ ክፍል ተጋርተው ኖረዋል። ሳንታ ክላራ ውስጥ ትልልቅ ኮምፒውተሮች የሚቀመጡበት ሕንፃ ውስጥ ይሠራል። እሷ ኦክላንድ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ሲዋደዱ መገናኛቸው መሀል መንገድ፣ ፍሪሞንት ጣቢያ ነበር። እሱ ከደቡብ፣ እሷ ከሰሜን በባቡር ይመጡና በወረቀት ኩባያ ሻይ ይዘው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በረመዳን እሷ እስክታፈጥር ድረስ እሱም ሳይበላ ይውላል። በሁዳዴ እሷ የምስር ሳምቡሳ ጠብሳ ትወስድለታለች። ስለ ነገ አንስተው አይነጋገሩም ነበር፤ ባቡሩ ሲመጣ ግን ማንኛቸውም ቀድመው አይነሱም።

ከመሐላው በኋላ መንገዷ ዘሐራ ሆነች። ሂክማ ደውላ አታናግረውም፣ ቴክስት አትጽፍለትም፤ እሱ ለዘሐራ የሚለውን ዘሐራ ለሷ ትነግራታለች፣ የሷንም ለሱ። የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች ልብ ያሞቁ ነበር። “ፍሪሞንት ስደርስ እንቅልፍ ቢወስደኝም እነቃለሁ፣ አካሌ ለምዶታል በይልኝ ብሏል” ብላ ዘሐራ ስትነግራት ሂክማ ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ቆማ ብቻዋን ስቃለች። ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ። “ሥራ በዝቶበታል።” “አልደወለም።” በመጨረሻም አንድ ቀን ዘሐራ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ “ለጊዜው ይቆየን ብሏል” አለቻት።

ይቆየን! ለሱ ስትል በአባቷ ዓይን ወንጀለኛ ሆና የከረመችው ሂክማ ይህን ቃል ይዛ ብዙ ሌሊት ጣራ አየች። “ምን አጠፋሁ ብለሽ ጠይቂልኝ” ብላ ላከች። “መልስ አልሰጠም” ተባለች።

አብዱልሙኒም ሁኔታዋን ሲያይ አዘነላት። “መሐላ እኮ ሲፈርስ የሚካስበት ከፋራ አለው። ድሃ አብዪና ልጁን ደውለሽ ጠይቂው” ብሏት ነበር።

“ከፋራውን አይደለም የፈራሁት” አለችው። “አባባ ሊያደነዝዙት ሲሉ እንኳን ‘ልጄ ምላልኛለች’ እያለ ነው የተኛው። እንዴት አድርጌ?”

አሁን ያ ‘ይቆየን’ ያለ ሰው ፊት ለፊቷ ቆሟል። ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። በቅድሚያ የሄደው ወደ አባቷ ነው፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

“እንደምን ዋሉ ጋሽ ዘይኑ? ጤናዎ እንዴት ነው?”

“አልሐምዱሊላህ።”

“እንኳን ለዚህ አበቃዎት።”

“እንኳን አብሮ” አሉ ጋሽ ዘይኑ፤ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ።

አብዱልሙኒም ግን ከልቡ ደስ ብሎት ጓደኛውን አቀፈና ለተሰበሰበው ሁሉ ጮክ ብሎ ተናገረ። “ሰርፀ ነገ ጠቅልሎ ቨርጂኒያ ሊገባ ነው! ዲናን ሳልሰናበት አልሄድም ብሎ ነው የመጣው!”

ሂክማ ኬኩ ላይ ልትተክለው የያዘችው ሻማ እጇ ውስጥ ለሁለት ተሰበረ።

ያኔ ተያዩ። ዓይኖቹ ውስጥ የሆነ ነገር ተማጸናት፤ እሷ ግን ቁጣ መሰላት። እሱም በተራው ዓይኗ ውስጥ የሞላውን እንባ ንቀት ብሎ አነበበው መሰል፣ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በዚያ ሁሉ ፊኛና የልጆች ጫጫታ መሀል እንደማይተዋወቁ ተላለፉ።

ወደ ውሃው ሄደች። ዳሩ ላይ የነበሩት ዝይዎች ለቀውላት ወደ ጎን ሆኑ። ዘሐራ ከኋላዋ ተከትላት መጣችና ትከሻዋን አቀፈቻት።

“ተይው ሂክሙ። ይሂድ። አላህ ለሁለታችሁም የተሻለውን ያውቃል።”

“አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። አሁን፣ ሳይሄድ። ለምን እንደጠላኝ ብቻ። እሱን ካወቅኩ እችለዋለሁ።”

“ጠይቄዋለሁ እኮ።”

“ድጋሚ!”

“ሂክማ፣ አባባ እያየን ነው” አለች ዘሐራ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሂክማ የእህቷ እንባ ለሷ የታዘነ መስሏት፣ ግንባሯን የዘሐራ ደረት ላይ ደፋ አድርጋ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። በዚህ ምድር ላይ የቀረችኝ አንቺ ብቻ ነሽ ብላ አሰበች።

ምግቡ ከተነሳ በኋላ ልጆቹ ሰለቻቸው። ዲና ወርቃማ የወረቀት ዘውዷን አስተካክላ በእንግሊዝኛዋ፣ “ቴሌፎን! ቴሌፎን እንጫወት!” ብላ ጮኸች። ልጆቹ ሣሩ ላይ በሰልፍ ተደረደሩ። የመጀመሪያው ሰው አንድ ነገር በሹክሹክታ ለቀጣዩ ይናገራል፣ ያም ለቀጣዩ፤ የመጨረሻው ሰው የደረሰውን ጮክ ብሎ ይናገርና ይሳቃል። ጨዋታው ይኸው ነው።

“አጎቴ ሰርፀ ፈርስት! ሂኩ፣ ዩ አር ላስት!”

ሂክማ አይሆንም ብትልም ባለልደቷ እየጎተተች መጨረሻ ላይ አስቀመጠቻትና እሷ ራሷ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰርፀ በወዲያኛው ጫፍ ከአንድ ባስልኤል ከሚባል ልጅ አጠገብ በርከክ አለ። ይህን ያየችው ዘሐራ እጇን እየጠራረገች ከገበታው ሮጣ መጣችና፣ “እኔም እጫወታለሁ!” ብላ በልጇና በእህቷ መሀል ተሸጎጠች። ሂክማ ልታጽናናኝ ነው አለች በልቧ።

የመጀመሪያው ዙር ሳቅ ነበር። ሰርፀ “ዝይዋ የዲናን ኬክ ሰረቀች” ብሎ የላከው ሂክማ ጋ ሲደርስ “ዲና ዝይ ሰረቀች” ሆነ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ፤ ጋሽ ዘይኑ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ።

“አጌን! አጌን!”

ሁለተኛው ዙር ላይ ሰርፀ ቀና አለ። ከልጆቹ ጭንቅላት በላይ አሻግሮ ሂክማን አያት፤ ሰው ቢያይበት ባያይበት ግድ የሌለው አስተያየት ነው። ከዚያ ወደ ባስልኤል ጆሮ ጎንበስ ብሎ በዝግታ፣ ቃል በቃል ነገረው። ልጁ አልገባውም መሰል “ዋት?” አለ። ደገመለት። ልጁ ቅንድቡን ሰብስቦ ላጠገቡ ነገረ። በዚህ ዙር የሳቀ ልጅ የለም። አንዱ ለሌላው ሲነግር ከንፈሩን ልክ ትምህርት ቤት እንደሚያነብ ያንቀሳቅሳል። ሂክማ ነገሩ ወደሷ ሲመጣ ታየዋለች። ዲና አፏን የእናቷ ጆሮ ላይ ደቅና ነገረቻት።

የዘሐራ ፊት አመድ መሰለ።

እጇን የሂክማ አንገት ላይ አደረገች። “ኬኩ ይቆረስ” አለቻት።

ለዚህ ነው? ለዚህ ነው እንደዚያ ያየኝ? ሂክማ ውስጧ ያለው የመጨረሻው ተስፋ ሲወድቅ ተሰማት።

“ኬኩ ይቆረስ” አለች ጮክ ብላ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ሰርፀ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሱሪውን አራግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ አንድ ነገር ጠይቆ መልሱን እንዳገኘ ሰው።

“ኖ!” አለች ዲና።

ሁሉም ዞረ። ልጅቷ ቆማለች፤ ዘውዷ ጆሮዋ ላይ ወድቋል፣ ፊቷ በንዴት ቀልቷል።

“ማሚ! ዛት ኢዝ ኖት ዋት አይ ሴድ! ቺት አደረግሽ!”

“ዲናዬ፣ በቃ፣ ጨዋታ እኮ ነው...”

“ኖ! እኔ ያልኩት ‘ሂድ በዪኝ ወይ ቅር በዪኝ’ ነው! ‘ቅር’ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ በት አይ ሴድ ኢት ራይት!”

በሐይቁ ማዶ የሌላ ሰው ልደት ሙዚቃ ይሰማል። ሂድ በዪኝ፣ ወይ ቅር በዪኝ። ሂክማ ቃሉን በውስጧ ደገመችው። ይቆየን ያለ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ወደ እህቷ ዞረች።

“ዘሐራ። ‘ይቆየን’ ያለው ማን ነው?”

ዘሐራ ሣር ትነጫለች።

ሰርፀ በቆመበት ደነገጠ። “ይቆየን? እኔ እንደዚያ ብዬ አላውቅም” አለ ዘሐራን እያየ። “አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ ‘አትጠብቀኝ፣ ኑሮህን ኑር ብላሃለች’ ያልሽኝ? እኔ እኮ በየቀኑ...” ድምፁ ተሰነጠቀ። “በየቀኑ ነው የላክሁት።”

“በየቀኑ?” አለች ሂክማ ለእህቷ፤ ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት። “በየቀኑ እየላከ አንቺ መልስ አልሰጠም ትይኛለሽ? እያለቀስኩ እያየሽኝ? አሁን ውሃው ዳር ደረትሽ ላይ ሳለቅስ?”

“አባባ እንዳይሞት ነው!” ዘሐራ ፈነዳች። “ሐኪሙ ‘እንዳይደነግጥ፣ ልቡ አይችልም’ ያለውን አብረን አይደል የሰማነው? እማማ ስትሞት አደራ ያለችው አንቺን አይደለም፣ እኔን ነው! አንቺ አፈቀርሽ፤ እኔ ደግሞ ስልክ በጮኸ ቁጥር አባባ ወደቀ ሊሉኝ ነው እያልኩ ስንቀጠቀጥ ነው የከረምኩት። ትንሽ ታለቅሺና ይወጣልሻል ብዬ ነው። ትንሽ ብቻ...”

የሂክማ እጅ ተነሳ። በእህቷ ላይ እጇን አንስታ አታውቅም፤ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ምክንያቱም ከዛፉ ሥር ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። አባቷ እየተነሱ ነው። አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው።

“አባባ!” ሁለቱም ሮጡ።

“ደህና ነኝ። ልቀቁኝ።” ዓይናቸው ግን ደህና አልነበረም።

ሰርፀ ከርቀት ቆሞ አየ። ያ ሁሉ ቃል አፉ ውስጥ እንደሞላ፣ የሽማግሌውን ደረትና የሁለቱን እህትማማቾች ፊት አይቶ ዋጠው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ዘይኑ። የልጅ ልደት አበላሸሁ” አለ። “እውነቱን ማወቄ ይበቃኛል። እሄዳለሁ።”

ፊቱን መለሰና ወደ ባቡር ጣቢያው መራመድ ጀመረ።

ሂክማ ጀርባውን አየች። ስሙን ልትጠራ ስትል መሐላው ያዛት፤ ያ ቀዝቃዛ እጅ ዛሬም እጇ ላይ ነው። ብትጠራው አባቷን ገደለች፤ ባትጠራው ራሷን። አባቷ እግር ሥር ወደቀች።

“አባባ፣ ምዬልሃለሁ። አላናግረውም። እይ፣ አላናገርኩትም!” ጉልበታቸውን አቅፋለች። “አንተ ግን መናገር ትችላለህ። አንተ በልልኝ። አትሂድ በልልኝ፣ አባባ።”

“ተነሺ ሂክማ። ሰው እያየ ነው።”

“ይይ! አትሂድ በልልኝ።”

“ሃይማኖትሽንስ?”

“ሶላቴን አልተውም። እሱም ተዪ ብሎኝ አያውቅም። ስጾም አብሮኝ የሚጾም ሰው ነው።”

“እህቴም እንዲህ ነው ያለችው” አሉ ጋሽ ዘይኑ።

“እኔ እሷ አይደለሁም፤ ልጅህ ነኝ።” ቀና ብላ አየቻቸው። እንባና አፈር ፊቷ ላይ ተቀላቅሏል። “ዝም ካልክ አልቀየምህም። መድኃኒትህን እሰጥሃለሁ፣ እግርህን አጥብሃለሁ፣ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ግን የምትቀመጠው ይቺ የምታውቃት ሂክማ አትሆንም። እሷ ከሱ ጋር እየሄደች ነው። አባባ፣ መንገዱን ሊሻገር ነው!”

ጋሽ ዘይኑ እግራቸው ሥር የወደቀችውን ትንሿን ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና የምትንቀጠቀጠውን ትልቋን። ውሸት የማታውቅ ልጅ ነበረች ዘሐራ። እሳቸውን ፈርታ ነው የዋሸችው። ለሳቸው ፈርታ ነው።

“ለካ በኔ ልብ ምክንያት ነው ሁላችሁም የታመማችሁት” አሉ ለራሳቸው ያህል።

ደረታቸው ላይ የነበረውን እጅ አወረዱ።

“አንተ ልጅ!”

ከዚያ ደካማ ደረት ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ ድምፅ ነበር። ዝይዎቹ ተነሱ። ሰርፀ መንገዱ ጠርዝ ላይ እንደደረሰ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ዞረ።

ጋሽ ዘይኑ ረጅም ጊዜ አዩት። ሂክማ የአባቷን ጉልበት እንዳቀፈች ዓይኗን ጨፈነች፤ የሚሆነውን ለማየት አቅም አልነበራትም።

“ልጄ አትሂድ ትልሃለች” አሉ።

ምንም አልጨመሩበትም፣ ምንም አልቀነሱለትም። ከዚያ ግን ጣታቸውን ቀሰሩ።

“ይህ የሷ ነው። እኔ የምለውን ገና አላልኩም። መጥተህ ቁጭ በልና ትሰማኛለህ።”

የሰርፀ እግሮች ሣሩ ላይ ሲመለሱ ሂክማ ሰማቻቸው። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ እየፈጠኑ፣ ደግሞ እንደፈሩ ዝግ ብለው። ከነሱ ትንሽ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንደ ወንድ ልጅ ሊደብቀው እየሞከረ፣ ሳይሆንለት፣ ሲያለቅስ ሰማችው። ልታናግረው አልተፈቀደላትም። አባቷ ምን እንደሚሉት አታውቅም። እህቷን ነገ በምን ዓይን እንደምታያት አታውቅም። ዓይኗን ስትገልጥ እሱ እያያት ነበር፤ ያን አስተያየት በዚህ ጊዜ የተረጎመላት ማንም አልነበረም። ደረቷ ውስጥ ትልቅ ነገር ተነስቶ እስከ ዓይኖቿ ሞላ። ደስታ ነው ብላ ለመጥራት ግን ገና ፈራች።